ዳሩ ያልተላጨ ሐይቅ

ሐይቅ ዳር ያለ መናፈሻ ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ዳሩ ነው። ሳሩ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ታጭዶ፣ ድንጋዩ ተደርድሮ፣ ሁሉም ነገር እንደ ሳሎን ምንጣፍ ከተስተካከለ ልቤ ይቀዘቅዛል። ፎቶ ለመነሣት ያምራል። ዘንግ ይዞ ለመጣ ሰው ግን ባዶ ቤት ነው። ሸምበቆው ከቆመ፣ የወደቀ ግንድ ግማሹ ውሃ ውስጥ ከተነከረ፣ ዛፉ ጎንበስ ብሎ ቅርንጫፉን ውሃው ላይ ከጣለ ግን እርምጃዬ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። እዚያ ዓሣ አለ።

ከአባቴ ጋር ዘንግ ይዤ መዞር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ ያችኑ ጥያቄ ነው፦ «እዚያ ዓሣ አለ?» አለ። ሐይቅ አይደል እንዴ? እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዓሣው ወደ እኔ የሚመጣበት ምክንያት አለው ወይ? እኔስ ሳላስደነግጠው የምቀመጥበት ቦታ አለ ወይ? አንድ መናፈሻ ለአጥማጅ የሚጥመው ወይም የማይጥመው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው። መኪና ማቆሚያውም፣ መጸዳጃ ቤቱም፣ አግዳሚ ወንበሩም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ጀማሪ ሳለሁ ያለ የሌለ ጉልበቴን አሟጥጬ ወደ መሀል ነበር የምወረውረው። ትልቅ ዓሣ ጥልቁ ውስጥ ነው ብዬ አምን ነበር። በሙቀት ወራት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፀሐይ የላይኛውን ውሃ ታሞቀዋለች። የሞቀው ቀላል ስለሆነ ላይ ይቀራል፤ ቀዝቃዛው ከባድ ስለሆነ ታች ይተኛል። ውሃ ከሁሉ በላይ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ነው። ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ሳምንታት ከቆዩ ታች ያለው ውሃ ኦክስጅን ያጥረዋል። ወለሉ ላይ የሚበሰብሰው ቅጠል ያለውን ይጨርሳል፤ ከላይ ደግሞ የሚተካ አይወርድም። ስለዚህ ያ የሚያጓጓው ጥልቅ መሀል ብዙ ጊዜ ታቹ ባዶ ነው።

ዳሩ ሌላ ዓለም ነው። ብርሃን እስከ ወለሉ ይደርሳል። ብርሃን ካለ ተክል ይበቅላል። ተክል ካለ ቀንድ አውጣውም፣ ትሉም፣ የነፍሳቱ እጭም ይርመሰመሳል። ትንሹ ዓሣ ያንን ሊለቅም ይመጣል፤ ትልቁ ደግሞ ትንሹን ይከተላል። ካርፕ የምትባለው ዓሣ እንቁላሏን የምታጣብቀውም እዚያው ተክል ላይ ነው። ለእይታ ተብሎ ሸምበቆው ሲታጨድ የዓሣው ጓዳና መኝታ ቤት፣ የልጆቹም ክፍል ባንድ ቀን ይፈርሳል። ይሄንን ስናገር ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው በክፋት ሳይሆን ለማሳመር ተብሎ ነው።

አንድ ጠዋት ያየሁትን ልንገራችሁ። ነፋስ የሚባል ነገር የለም። ውሃው እንደ መስታወት ተኝቷል። ሸምበቆው ጥግ ተንበርክኬ የዘንጌን ክር እያስተካከልኩ ሳለ አንዲት የሸምበቆ ዘንግ ብቻዋን ተነቃነቀች። ከዚያ ጎረቤቷ። ከዚያ ሌላዋ። አንድ ነገር በመሀላቸው እየተሹለከለከ ነበር። እጄን ባለበት አቆምኩት። ከጉልበቴ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ውሃው ከስንዝር ብዙም በማይበልጥበት ቦታ፣ ካርፕ አፍንጫውን ጭቃው ውስጥ ቀብሮ፣ ጅራቱን ወደ ላይ አድርጎ ይበላል። የጅራቱ ጫፍ ከውሃው ወጥታ ትርገበገባለች። ከአፉ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጢሞች አሉት፤ በእነሱ ወለሉን እየዳሰሰ ይሄዳል። ጭቃውን ይስባል፣ አፉ ውስጥ ያበጥራል፣ የማይረባውን በጉንጩ ስር በኩል እንደ ጭስ ያወጣዋል። ጠጠር ሲገባበት እንትፍ ይላል። ጠጠሯ ወለሉ ላይ ስታርፍ በዓይኔ አየኋት። ከኋላው ትንንሽ አረፋዎች ተራ በተራ እየወጡ ይፈነዱ ነበር። ዘንጌን አላነሣሁም። እግሬ እስኪደነዝዝ ተንበርክኬ ቆየሁ። ያ ዓሣ እኔ አጠገብ የመጣው ሸምበቆው ስለነበረ ነው።

ከዚያ ወዲህ አረፋና ብቻውን የሚነቃነቅ ሸምበቆ ሳላይ መንጠቆ አላስርም።

ሁለተኛው ነገር አቀማመጥ ነው። ብዙ ሰው ዓሣ አጥማጅ ዝም የሚለው ዓሣው ወሬ እንዳይሰማ ይመስለዋል። የሰው ድምፅ ከአየር ወደ ውሃ ብዙም አይገባም፤ ውሃው ራሱ መልሶ ይወረውረዋል። ኮቴ ግን ሌላ ነው። መሬቱን ሲረግጡት ንዝረቱ በአፈሩ በኩል ውሃው ውስጥ ይገባል። ውሃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,480 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ከአየሩ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ዓሣ ደግሞ በሁለቱም ጎኑ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ የተዘረጋ፣ ንቅናቄ የሚሰማበት መስመር አለው። ስለዚህ እያወራችሁ ብትቀመጡ ግድ የለም። አትሩጡ፣ ሳጥን መሬት ላይ ዱብ አታድርጉ። ደህና መናፈሻ ይሄንን አስቦ ዋናውን የእግር መንገድ ከውሃው ጥቂት ሜትር ራቅ አድርጎ ያሳልፈዋል። ሩጫ የሚሠራውም፣ ውሻ የሚያንሸራሽረውም፣ በጋሪ የሚገፋው ሕፃንም በዚያ ያልፋሉ። ወደ ውሃው የምትወርደው ቀጭን መንገድ የአጥማጁ ናት።

ዓሣ ከውሃ ውስጥ ሆኖ ውጭውን የሚያየው በአንድ ክብ መስኮት በኩል ነው። ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ስለሚታጠፍ ሰማዩም ዳሩም ሁሉ በዚያች ክብ ውስጥ ተጨምቆ ይታየዋል። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ዓሣ መስኮቱ ከጫፍ ጫፍ ሁለት ሜትር ከሩብ ገደማ ይሰፋል። ጠልቆ ሲወርድ መስኮቱም ይሰፋል። ከውሃው ገጽ ብዙም ከፍ ያላለ ነገር በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተጨፍልቆ ይጠፋል። ቆሞ የሚወረውር ሰው ግን ሰማዩ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ዝቅ ብሎ መቀመጥ ለዚህ ነው፤ ከጀርባ ቁጥቋጦ ሲኖር ደግሞ የሰውነት ቅርጽ ከቅጠሉ ጋር ይደባለቃል። መላ ዳሩ ገላጣ በሆነበት ሐይቅ ይሄንን ከየት ታመጡታላችሁ?

ነፋስ ላይ ስንደርስ የአባቴን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ዘንግ ከማንሣቱ በፊት ጥቂት ሣር ይነጭና ወደ ላይ ይበትናል። ሣሩ ወዴት እንደወደቀ ያያል። «ነፋሱ ፊትሽን የሚመታሽ ቦታ ፈልጊ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ልጅ ስለነበርኩ ፊቴን የማይመታኝ፣ ክሬ የማይጠላለፍበት ቦታ ነበር የምፈልገው። ሁልጊዜ እሱ ያጠምዳል፣ እኔ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቡሼን እያየሁ እውላለሁ።

ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ነፋስ የላይኛውን ሞቃት ውሃ ገፍቶ ወደሚነፍስበት ዳር ያከማቸዋል። ውሃው ላይ የወደቀውን ነፍሳት፣ የሚንሳፈፈውን ጥቃቅን ምግብ ሁሉ እዚያ ያደርሰዋል። ማዕበሉ ዳሩን ሲመታ አየር ይቀላቅላል፣ ወለሉን ይበጠብጣል፣ የተደበቀ ትል ያወጣል። ውሃው ስለሚደፈርስም ዓሣው ይደፍራል። በቅዝቃዜ ወራት ይሄ ይገለበጣል፤ ያኔ ነፋስ የማያገኘው፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ጥግ ይሻላል። እንግዲህ መናፈሻው ሐይቁን ዙሪያውን የሚያስኬድ መንገድ ከሌለው ምን ዋጋ አለው? አንድ ዳር ብቻ ተከፍቶ ሌላው በአጥር ከተዘጋ፣ ነፋሱ ዞር ባለ ቀን ዓሣው ማዶ ነው፣ እናንተ ወዲህ ናችሁ።

በር የሚከፈትበት ሰዓት ላይ ትንሽ ልማረር። አንድ መናፈሻ አውቃለሁ፤ ሸምበቆው ግሩም፣ ውሃው ግሩም፣ በሩ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ነው የሚከፈተው። ፀሐይዋ ወጥታ፣ ዓሣው በልቶ ከጨረሰ በኋላ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ሄጄ ተውኩት። ሌላ ቦታ ደግሞ የማጥመድ ፈቃድ ለያዘ ሰው የትንሿን በር የቁልፍ ቁጥር ይሰጡታል። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጤዛው ሳይረገፍ፣ ገብታችሁ ትቀመጣላችሁ። ይህች ትንሽ እምነት ስንት ሰው እንደምትስብ አስተዳዳሪዎቹ ቢያውቁት ሁሉም ያደርጉት ነበር። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ተክል በጣም የበዛበት ሐይቅ በሙቀት ወራት ጎህ ሲቀድ ላይመች ይችላል። ተክሉ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን እሱም ይወስዳል። ስለዚህ ውሃው ኦክስጅን ከሁሉ በላይ የሚያንሰው ጎህ አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ፀሐይዋ ሁለትና ሦስት ሰዓት ያህል እስክትቆይ መጠበቅ ይሻላል። ማምሻውም ደህና ነው። አምባዛ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጨለማውን ነው የሚወደው፤ አምባዛ በጢሙና በቆዳው ጭምር ስለሚቀምስ ለመብላት ብርሃን አያስፈልገውም።

ከሁሉ የምወደው መናፈሻ መግቢያው ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለው። በጠመኔ ሦስት ነገር ይጻፍበታል፦ የውሃው ሙቀት፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ውሃው ስንት ሴንቲ ሜትር ድረስ እንደሚያሳይ። የሚጽፉት ጥበቃው ጋሼ ናቸው። መጀመሪያ ጊዜ ሳያቸው ገመድ ላይ የታሰረ ነጭና ጥቁር ክብ ሰሌዳ በትንሿ መሰላል ጫፍ ቆመው ወደ ውሃው ያወርዱ ነበር።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ዓይኔ እስኪያጣው አወርደዋለሁ። ከዚያ ገመዱን እለካለሁ» አሉኝ። «ትናንት 90 ነበር። ዛሬ 70። ነፋሱ በጥብጦታል።»

ያ ሰሌዳ ረጅም ታሪክ አለው። ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጀሎ ሴኪ ነው እ.ኤ.አ. በ1865 ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ፣ በጳጳሱ መርከብ ሆኖ የሞከረው። ዛሬም የሐይቅ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። ለእኔ ደግሞ ያቺ ቁጥር ቀኔን ትወስናለች። 70 ከሆነ ወፈር ያለ ክር ልጠቀም እችላለሁ፤ ማባበያዬም ሽታ ያለው ወይም ደመቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ሜትር የሚያሳይ ውሃ ከሆነ ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ከዳሩ ራቅ ብሎ መቀመጥ ነው። በአንድ ጠመኔ ስንት ሰው ይረዳሉ መሰላችሁ።

የውሃው ሙቀትም እንዲሁ ነው። ካርፕ ውሃው ሲሞቅ ይርበዋል፣ ሲቀዘቅዝ አንድ ቦታ ተኝቶ ይውላል። ውሃ ሲሞቅ ግን የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ 10 ዲግሪ ላይ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ገደማ መያዝ የሚችለው፣ 30 ዲግሪ ሲደርስ 7 ተኩል አካባቢ ነው። ስለዚህ በጣም በሞቀ ቀን የተያዘ ዓሣ ቶሎ ይደክማል፣ ሲለቀቅም ለማገገም ይቸገራል። ጋሼ 30 ብለው የጻፉ ቀን ዘንጌን ሳልፈታ ተመልሻለሁ። ያን ቀን አንዳንድ ሰው በመገረም አየኝ። ጋሼ ግን ገብቷቸዋል፤ «ደግ አደረግሽ ልጄ» አሉኝ።

ከባድ ሕግ ያለበት መናፈሻ የሚያስመርራቸው አጥማጆች አሉ። እኔን ያስደስተኛል። ጥርስ የሌለው መንጠቆ ብቻ ሲባል፣ ዓሣው የሚተኛበት እርጥብ ምንጣፍ ይኑራችሁ ሲባል፣ ዓሣውን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን አርጥቡ ሲባል፣ የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ዓሣው ይታሰብለታል። የዓሣ ቆዳ ላይ ያለው ዝልግልግ ነገር ከበሽታ የሚጠብቀው ልብሱ ነው። ደረቅ እጅ ይገፈዋል። ጥርስ የሌለው መንጠቆ በሁለት ጣት ትንሽ ወደ ኋላ ሲገፋ ይወጣል። ክሩ እንዳይላላ መጠንቀቅ ብቻ ነው።

የክር ነገር ለእኔ የግል ቁስል ነው። ከዓመታት በፊት መንጠቆዬ ሸምበቆ ውስጥ ተያዘ። ጎተትኩት፣ ተበጠሰ፣ ትቼው ሄድኩ። በሳምንቱ ስመለስ እዚያው አካባቢ አንዲት ዳክዬ እግሯ ላይ ናይሎን ክር ተጠምጥሞ አየሁ። የእኔ ይሁን የሌላ ሰው ማረጋገጥ አልችልም። ክሩ ቆዳውን ቆርጦ ገብቷል፤ እግሯ እንደ አውራ ጣት አብጧል። ጋሼ በመረብ ይዘው፣ እኔ ክንፏን አቅፌ፣ በትንሿ መቀሴ ቆረጥነው። ሦስት ዙር ነበረ። ልቧ መዳፌ ላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ስንለቃት እያነከሰች ውሃው ውስጥ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ትንሽ ጣሳ አለች፤ የተበጠሰ ክር ሁሉ እሷ ውስጥ ይጠቀለላል። መናፈሻው ለክር ብቻ የሚሆን ማጠራቀሚያ በየመቀመጫው አቅራቢያ ካቆመ ግማሹ ችግር ተወገደ ማለት ነው። ክሩ እንዲሰጥም የሚታሰርበት የእርሳስ ብረት ክብደትም ቢቀር ይመረጣል። ወፎች ጠጠር መስሏቸው ይውጡትና ይመረዛሉ። በብሪታንያ ብዙ የውሃ ወፍ በዚህ ስለሞተ እ.ኤ.አ. በ1987 ትንንሽ የእርሳስ ክብደቶች እንዳይሸጡ ተከልክሏል።

ማባበያ መርጨት ላይም ገደብ ቢኖር እደግፋለሁ። በባልዲ የሚደፋ የበቆሎ ፍሬና ዱቄት አያለሁ። ዓሣ ያልበላው ወለሉ ላይ ይበሰብሳል። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 የሐይቅ ተመራማሪው ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ አንድ ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉ። በሁለቱም በኩል ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፤ በአንዱ በኩል ብቻ ፎስፈረስ አከሉበት። ያ ፎስፈረስ የገባበት ወገን አልጌ የሚባለው ጥቃቅን የውሃ ሕይወት በዝቶበት አረንጓዴ ሆነ። ከላይ የተነሣው ፎቶ ላይ ግማሹ ሐይቅ ጥርት ያለ፣ ግማሹ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። በየቀኑ የሚደፋው ምግብም፣ ለዳክዬ የሚወረወረው ዳቦም ውስጥ ፎስፈረስ አለ። አንድ እፍኝ በቂ ነው። እውነቴን ነው፣ አንድ እፍኝ።

አባቴ ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ ሦስት ዓመት አብሮኝ አልወጣም ነበር። ቁልቁል መውረድ አይችልም፤ ድንጋይ ላይ መቆምም እንዲሁ። «አንቺ ሂጂ፣ ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ» ይለኝ ነበር። እየነገርኩት ዓይኑ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ባለ ጥቁር ሰሌዳው መናፈሻ ውስጥ ከሸምበቆው ጎን አዲስ የእንጨት ማጥመጃ መድረክ መሥራታቸውን ያየሁ ቀን ሮጬ ወደ ቤት ነበር የሄድኩት።

ወደ መድረኩ ከዋናው መንገድ ያለ ምንም ደረጃ ይገባል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል። ጫፉ ላይ የተሽከርካሪ ወንበር ጎማ እንዳያመልጥ ከፍ ያለ እንጨት ተመቷል። መደገፊያው አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ተደርጓል፤ የተቀመጠ ሰው ዘንጉን የሚያሳርፍበት ነው። ጣውላዎቹ ጠብቀው ታስረዋል፣ ሲረገጡ አይንኳኩም። ይሄን የሠራው ሰው ወይ ራሱ አጥማጅ ነው፣ ወይ አጥማጅ ጠይቋል። ሸምበቆውንም አልነኩትም። መድረኩ ልክ ሸምበቆው ጫፍ ላይ ነው ያበቃው።

አባቴን ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ሣር አጥቶ ኪሱን ዳበሰና የወረቀት ቁራጭ አውጥቶ በተነ። ሁለታችንም ተከትለን አየናት። ወደ እኛ ተመልሳ እግሩ ስር ወደቀች። ሳቀ።

ቡሹን ከሸምበቆው አንድ ክንድ አርቆ አስቀመጠው። እጁ እንደ ድሮው አይደለም፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ውርወራው ግን ያው ነው። ብዙ አልቆየንም። ቡሹ አንዴ ነቅነቅ አለ፣ ቆመ፣ ከዚያ በጎኑ እየሄደ ሰጠመ። ዘንጉ ጎበጠ። ልቀበለው ስል በክርኑ ገፋኝ።

«ተይኝ» አለኝ።

ተውኩት። ቆሮሶ ነበር፤ ትልቅ የሚባል አይደለም፣ መዳፍ ከእነ ጣቶቹ ቢሆን ነው። ጎኑ ላይ ያለው ጥላ መሰል ዝንጉርጉር ፀሐይዋ ስትመታው አረንጓዴ ይመስል ነበር። አባቴ እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ መንጠቆውን አወጣ። ዓሣውን ቶሎ አልለቀቀውም። ውሃው ውስጥ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ጉንጩ ሲከፈትና ሲዘጋ እያየ፣ ራሱ ተወርውሮ እስኪሄድ ጠበቀው።

አሁን ዓርብ ማታ ማታ ይደውልልኛል። ሰላምታው አጭር ነው። ወዲያው ወደ ጉዳዩ ይገባል፦ «ጋሼ ሰሌዳው ላይ ምን ጻፉ? ነፋሱ ከየት ነው?»